የከድር ድስት

ከሆሳዕና በወጣንበት ምሽት ሁለት ጸሎት ባንድ ጊዜ ይጸለይልን ነበር። ሳሎን ውስጥ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ይጸልያሉ፤ በረንዳው ላይ ጋሽ ሸምሱ መግሪብ ሰግደው ሲያበቁ ለልጃቸው ለከድር ዱዓ ያደርጋሉ። ደላላው የላከው ሚኒባስ ደጃፍ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። በመጨረሻ ሾፌሩ ትዕግሥቱ አለቀና በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እኔ የቱን ልጠብቅ? አንዱ አሜን ሲል ሌላው ይጀምራል» አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «ሁለቱንም ነው የምትጠብቀው፤ መንገዱ ረጅም ነው» አለችው። ምን ያድርግ፣ ጠበቀ።

ይህን የምጽፈው እዚያ ላላችሁት ነው፤ ሆሳዕናም ፎንቆም ሀደሮም ተቀምጣችሁ የደቡብ አፍሪካን መንገድ በሐሳብ ለምትመላለሱበት። እዚህም ላላችሁት ነው፤ በተለይ ባገኛችሁኝ ቁጥር «አሁንም ከዚያ ልጅ ጋር ነው የምትኖረው?» ለምትሉኝ። አዎ፣ ከከድር ጋር ነው የምኖረው። ለምን እንደሆነ አንዴ በደንብ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ አትጠይቁኝ።

ከድር የጎረቤታችን ልጅ ነው። አባቱ ጋሽ ሸምሱ ቤተሰባቸው ከጉራጌ አገር መጥቶ ሆሳዕና የከተመ፣ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ቤት ያላቸው፣ ሀዲይኛን ከአጎቶቼ እኩል የሚናገሩ ሰው ናቸው። የከድር እናት እሱ ገና ዳዴ ሲል ነው ያረፈችው። አባቱ ሱቅ ሲውሉ እሱ እኛ ቤት ይውላል፣ እኛ ቤት ይበላል። እኛ ደግሞ ጴንጤዎች ነን። አገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ እኛ ዘንድ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን። ታዲያ እናት የሌለው ሕፃን ቤትሽ እየዋለ ሌሎቹ ልጆች ሥጋ ሲበሉ እሱን ምን ታደርጊዋለሽ? እናቴ አንድ ትንሽ የአልሙኒየም ድስት ገዛች። ድስቱ ጓዳ ውስጥ ለብቻው በሚስማር ይሰቀላል። ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ይመጣል፣ በዚያ ድስት ብቻ ይሠራል፣ በራሱ ማንኪያ ይማሰላል። ከዚያ ሁላችንም አንድ ገበታ እንቀርባለን፤ ቆጮው አንድ፣ ጎመኑ አንድ፣ ሥጋው ሁለት። ስሙ «የከድር ድስት» ነበር። በልጅነቴ እኔስ ለምን የራሴ ድስት የለኝም ብዬ አልቅሼ አውቃለሁ።

አድገን፣ ተምረን፣ ሥራ አጥተን፣ እንደ ሰፈራችን ልጆች ሁሉ መንገዱን ተመኘን። እና ያን ምሽት፣ ሁለቱም ጸሎት ካበቃ በኋላ፣ እናቴ ያን ድስት በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«እማዬ፣ ድንበር በእግር ልናቋርጥ ነው እኮ» አልኳት። «ድስት ይዞ የሚሰደድ ማን አለ?»

«ማንም ከሌለ እናንተ ትጀምሩታላችሁ። እዚያ ሰው አገር ማን ይለይለታል?»

ጋሽ ሸምሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናቴ ድስቱን ለከድር አስጨበጠችውና በሀዲይኛ አንድ ነገር አለችን። በአማርኛ ሳስበው እንዲህ ነው፦ ድስቱ ከሌላ ድስት ጋር አይቀላቀል፣ እናንተ ግን አትለያዩ። አደራዋ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አላለችም። እንባዬን ለመደበቅ ሾፌሩን «ምን ያስቸኩልሃል» ብዬ ተቆጣሁት።

ሞያሌ ላይ ደላላው ሻንጣችንን ሲፈትሽ ድስቱን አወጣና እንደ እባብ አየው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «ድስት ነው» አለው ከድር። «ድስት መሆኑንማ አየሁ፤ ምን ልትሠራበት ነው?» «ሥጋ ከተገኘ ብዬ ነው።» አብረውን የሚሄዱት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲያ ከድር በስሙ የተጠራበት ቀን የለም፣ እስከ ታንዛንያ «ባለድስቱ» ነው የተባለው። ግን ኬንያ ውስጥ በጭነት መኪና ከጆንያ ሥር ተደርበን ስንሄድ ሁሉም ውኃ የጠጣው በዚያ ድስት ነው። ጆንያው ሥር አብሮን የተኛ የአንጋጫ ልጅ ነበር፤ ማተቡን በጥርሱ ነክሶ ይጸልያል። ከድር ድስቱን መጀመሪያ ለሱ ነበር የሚያቀብለው።

ታንዛንያ ውስጥ ፖሊሶች ያዙንና አንዲት ትንሽ ከተማ አሰሩን። ወሩ ረመዳን ነበር። የከተማው ሙስሊሞች ማታ ማታ ለሙስሊም እስረኞች ማፍጠሪያ ያመጣሉ፤ ሩዝ በሥጋ፣ ቴምር። ወሬውን መጀመሪያ በአፍንጫዬ ሰማሁት። ጠባቂው በሩን ከፍቶ «ሙስሊም የሆነ ብቻ ይውጣ» ሲል ከድር እጄን ያዘና ጎተተኝ።

«ስም?» አለው ጠባቂው።

«ከድር።»

«የዚህስ?»

«ማቴዎስ።»

«ማቴዎስ ሙስሊም ነው?»

«አይደለም፣ ወንድሜ ነው» አለ ከድር። በመንገድ በለቃቀምናት ስዋሂሊ ነው የምንንተባተበው።

«የወንድምህ ስም ማቴዎስ ሆኖ ያንተ ከድር? አባታችሁ ሐሳቡን ቀይሮ ነው?»

«አባታችን ሁለት ነው። የበላነው ግን አንድ ቤት ነው።»

ጠባቂው እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ምግቡ ለፆመኛ ነው። ፆመሃል?» አለኝ።

«ከታሰርኩ ጀምሮ ምን ሰጣችሁኝና በላሁ?» አልኩት። ትንሽ አሰበበትና ሳቀ፣ አሳለፈኝም። አንድ ትሪ ሰጡን። ከድር ሥጋውን ለቅሞ ወደ ዳር ገፋውና ሩዙን መብላት ጀመረ። «ያንተ ነው እኮ፣ ብላው» አልኩት። «አንተ የማትበላውን አጠገብህ ቁጭ ብዬ ብበላ እናትህ ምን ትላለች?» አለ። ከሲታ ነበር፣ አጥንቱ ሊቆጠር ደርሷል። ሥጋውን አጠገባችን ለተቀመጠ ሶማሌ ሰጠነውና ሩዙን እኩል በላን። ከወራት በኋላ ሲለቁን ስልካችንን ደላሎች ወስደውት፣ ጫማችንን መንገዱ ጨርሶት ነበር። ድስቱን ግን ማንም ስላልፈለገው እንዳለ መለሱልን።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚስቅብንን ልንገራችሁ። ደቡብ አፍሪካ እንደገባን ጥገኝነት ለመጠየቅ ከስደተኞች ቢሮ ሄድን። ተሰልፈን ሳለ አስተርጓሚው፣ ያገራችን ሰው ነው፣ ወደ ጆሯችን ጠጋ አለ። «ጊዜ አታባክኑ» አለን። «አንተ ክርስቲያኖች ሊገድሉኝ ነበር በል። አንተ ደግሞ ሙስሊሞች ሊገድሉኝ ነበር በል። ሁለታችሁም ታልፋላችሁ።»

«ማን ነው ሊገድለኝ የነበረው?» አለ ከድር። «የዚህ እናት?»

«እናቱን ማን ጠየቀህ? ክርስቲያኖች በል፣ አለቀ።»

ወደ ቢሮው ገባን። ጠያቂዋ ሴትዮ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ከድርን ጠየቀችው።

«በሃይማኖትህ ምክንያት በደል ደርሶብሃል?»

«አልደረሰብኝም።»

«ጎረቤቶችህ ክርስቲያኖች ናቸው?»

«ናቸው።»

«ምን አደረጉህ?»

«ድስት ገዙልኝ።»

አስተርጓሚው አልተረጎመውም። ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሴትዮዋ «ምን አለ?» ብትለው፣ «አልገባኝም» አላት። እኔ በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ተረጎምኩላት። መነጽሯን አወለቀች። «እንዲህ ያሉ ጎረቤቶች ካሉህ ታዲያ ለምን መጣህ?» አለችው። ለሥራ ነው አላት። አንገቷን ነቀነቀች። እኔም ተራዬ ሲደርስ ያንኑ አልኩ።

የደረሰን በየጊዜው የሚታደስ፣ ከአገር ብትወጣበት የማያስመልስ ወረቀት ነው። ከኛ ጋር የተሰለፉት፣ የተነገራቸውን የተናገሩት፣ ዛሬ አገር ቤት ደርሰው ይመለሳሉ። ጅሎች ይሉናል። እንባል። በእምነቱ የተነሳ የእውነት የተሳደደ ሰው አለ፣ ያ ወንበር የሱ ነው። እኔ ደግሞ እናቴን ገዳይ አድርጌ ወረቀት አልገዛም። ዛሬም ቢጠይቁኝ መልሴ ድስት ገዙለት ነው።

ሎኬሽን ገባን። ሎኬሽን የሚሉት ጥቁሮቹ የሚኖሩበት፣ ከከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ነው፤ እኛ እዚያ የቆርቆሮ ሱቅ ይዘን በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆመን ዳቦና ሳሙና እንሸጣለን። ብርዱ ሰኔ ላይ ነው የሚመጣው፤ ዝናብ የለውም፣ ዝም ብሎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ቅቤ የለው፣ ሚጥሚጣ የለው፤ የታመመ ሰው ምግብ ነው የሚመስለኝ። ሰዉ አንዳንዱ ሲያልፍ መጤ ብሎ ይሰድበናል፣ አንዳንዱ ደግሞ ልጁን ትቶብን ገበያ ይሄዳል።

ሱቁንም ክፍሉንም ያከራየችን ማማ ግሬስ የምትባል አሮጊት ናት። የገባን ዕለት ግድግዳው ላይ ሚስማር ስንመታ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን ልትሰቅሉ ነው?»

«ድስት» አልኳት።

«ያ ምድጃው ላይ ያለውስ?»

«እሱ የኔ ነው። ይሄ የሱ ነው።»

«ሁለት ሰው ሁለት ድስት? ተጣልታችኋል? በቤቴ ጠብ አልፈልግም።»

ከድር አስረዳት፤ ሥጋው ሲታረድ የሚጠራው ስም፣ ምኑ ምኑ። ሰማችውና «ታዲያ አብራችሁ አትበሉም?» አለች። «አብረን እንድንበላ ነው እኮ ሁለት የሆነው» አላት። ለጊዜው የገባት አልመሰለኝም። አርብ ከድር ወደ መስጊድ፣ እሁድ እኔ ወደ ሐበሾች ቤተ ክርስቲያን፣ እሷም ነጭ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወደ ራሷ ስትወጣ ግን፣ «በዚህ ግቢ እግዜር የሚያርፍበት ቀን ጠፋ» ማለት ጀመረች።

በዚያው በቤተ ክርስቲያን ነው ከጋሽ ደሳለኝ ጋር የተዋወቅሁት። የሀደሮ ሰው ናቸው፣ ከምባታ። መሀል ከተማ ትልቅ ሆልሴል፣ የጅምላ መደብር፣ አላቸው። ብዙ ልጅ አቋቁመዋል፣ ይህን አልክድም። አንድ እሁድ ከጸሎት በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ማቴ፣ ከተማ ውስጥ ሾፕ ልሰጥህ ነው። ዘበኛ አለው፣ ካሜራ አለው። እዚያ ሎኬሽን አንድ ቀን ያቃጥሏችኋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለከድር እነግረዋለሁ።»

«ለከድር አይደለም። ከአማኝ ጋር ሥራ ነው የምልህ።»

«ከድርም አማኝ ነው ጋሼ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ለሶላት ተነስቶ የውኃ ጣሳ ሲያንኳኳ የሚቀሰቅሰኝ እኮ እሱ ነው። እርስዎ በዚያ ሰዓት ይነሳሉ?»

«አውቀህ ነው የምትቀልደው።»

«አውቄ ነው» አልኳቸውና ሄድኩ። ንዴቴ ቤት እስክደርስ አልበረደም። ለከድር አልነገርኩትም። ብዙ ቆይቼ ከሌላ ሰው እንደሰማሁት፣ እሱንም መስጊድ የሚያውቀው አንድ ነጋዴ ሌላ ከተማ ሽርክና ሲጠይቀው ከድር «ማቴን ከጨመርክ» ብሎ መልሶታል። ለኔ ትንፍሽ አላለም።

ጋሽ ደሳለኝ ያሉት ቀን መጣ። በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ነበርን። ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ሰማን፣ ከዚያ ሰዉን አየን፤ ዱላ የያዘ አለ፣ ባዶ ጆንያ የያዘ አለ። ማማ ግሬስ በጓሮ በር ገብታ ሁለታችንንም በሸሚዛችን እየጎተተች መኝታ ቤቷ ቆለፈችብን። ራሷ ወንበር አውጥታ ደጃፏ ላይ ተቀመጠችና መዝሙሯን ጀመረች። ከውጭ «የውጭ አገር ሰዎቹን አምጪ» ሲሏት ይሰማናል። «እዚህ ያሉት ልጆቼ ናቸው» ትላለች፣ ትቀጥላለች ዜማዋን። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ከድር ግንባሩን መሬት አስነክቶ፣ ከሆሳዕና በወጣንበት ምሽት በረንዳና ሳሎን ተለይቶ የነበረው ጸሎት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተገናኘ። ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ስንወጣ ሱቁ ባዶ ነው። ፍርግርጉን ሳይቀር ነቅለውታል። ክፍላችንም ተከፍቷል፤ ብርድ ልብሱ፣ ምድጃው፣ ሁለቱም ድስቶች የሉም። ከድር መጀመሪያ ያየው ግድግዳውን ነው። ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ሰው ሱቁ ተዘርፎ በድስት ያለቅሳል? ሁለታችንም በድስቱ ነው ያለቀስነው።

ማታ ማማ ግሬስ የራሷን ድስት ይዛ መጣች፤ እፍረቱ ፊቷን አጥቁሮታል። ልትሰጠን እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «ላልዋሽህ» አለችው ከድርን፣ «በዚህ አሳማ ቀቅዬበታለሁ።» ያን ጊዜ ነው የሁለቱ ድስት ነገር ገብቷት እንደነበር ያወቅሁት። ዳቦና ሙዝ በላን፣ እሷም አብራን በላች።

በማግስቱ ጋሽ ደሳለኝ በመኪናቸው መጡ። የተዘረፈውን ሱቅ ዞረው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «አላልኩህም? በል ግባ፣ ሾፑ አሁንም አለ» አሉኝ። ከድር አጠገቤ ቆሟል። ወደሱ ሳያዩ፣ «ለሱ ደግሞ የራሱ ሰዎች አሉት» አሉ።

«የራሱ ሰው እኔ ነኝ» አልኩ። «ሾፑን አልፈልግም ጋሼ። መርዳት ከፈለጉ ሁለት ድስት ይስጡን።»

«ምን?»

«ሁለት ድስት። ለምን ሁለት እንደሆነ ለሀደሮ ልጅ አላስረዳም። እናትዎ ቤትም ለሙስሊም ጎረቤት የተለየ ድስት ነበር፤ የለም ካሉኝ ይሄው፣ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

በክፍላችን በር በኩል ግድግዳው ላይ ያለውን ሚስማር ትንሽ አዩት። ከዚያ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

ሳምንት ሳይሞላ ሾፌራቸው መጣ። ሁለት ድስት አመጣ። አንደኛው ያገለገለ፣ ቂጡ የጠቆረ የቤታቸው ድስት ነው። ሁለተኛው ካርቶኑ ውስጥ ነው፣ ፕላስተሩ አልተነሳም። «ይሄኛውን ማንም እንዳይከፍተው፣ ባለቤቱ ራሱ ይክፈተው ብለዋል» አለ። ከድር ካርቶኑን ተቀበለና ለረጅም ጊዜ ሳይከፍተው ይዞት ቆመ። እንዳትሳሳቱ፣ ጋሽ ደሳለኝ እስከ ዛሬ ከድርን ሾፓቸው አላስገቡትም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልታረቅኋቸውም፣ ስንገናኝም ከሩቅ ነው ሰላም የምላቸው። እናታቸው ያሳደጉት እጃቸው ግን ካርቶኑን መክፈት እንደሌለበት ያውቅ ነበር።

አሁን እንደገና ጀምረናል፣ እዚያው ማማ ግሬስ ግቢ፣ እዚያው ሚስማር ላይ። ባለፈው እሁድ ወጥ ጥደን ሳለ እናቴ ደወለች። መዘረፋችንን ከሰው ሰምታለች።

«ተርፋችኋል?»

«ተርፈናል እማዬ።»

«ድስቱስ?»

«እሱም ሄደ።»

ስለ ሱቁ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። «ታዲያ ከድር በምን ይበላል?» አለች።

ነገርኳት። የካርቶኑን ነገር ስትሰማ የጋሽ ደሳለኝን እናት መረቀች። ከዚያ የራሷን ወሬ አመጣች። እኛ በሄድን በሳምንቱ ሌላ ድስት ገዝታ በዚያው ሚስማር ሰቅላ ኖሯል፤ ጋሽ ሸምሱ አሁን ብቻቸውን ስለሆኑ ምሳቸውን የሚበሉት እሷ ዘንድ ነው። በቅርቡ ቤት ለቤት የሚጸልይ አንድ አዲስ ወጣት ሰባኪ ድስቱን አይቶ «ይሄን ከቤትሽ አውጪ» ብሏታል።

«ምን አልሽው?»

«ሸምሱ ሲመጣ በመዳፌ ላብላው ወይ አልኩታ። ልጅ ነው፣ አይቶ አያውቅም። ምሳ አስቀረሁት፣ ሸምሱ አጠገብ አስቀመጥኩት። በላ።»

ከድር ስልኩን ከእጄ ወሰደ። «እማማ፣ አባቴ ደህና ነው?» አላት። ደህና መሆናቸውን ነገረችው፤ ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ቀና ይላሉ። ከዚያ ሁሌ የምትጠይቀውን ጠየቀችው፤ መቼ ነው የምትመጡት። ከድር ወደኔ አየ። በዚያ ወረቀት ከወጣን መመለሻ የለም፣ ጠቅልለን እንዳንመጣ ደግሞ ገና የያዝነው ነገር የለም። ይህን ስንት ጊዜ ልንነግራት።

«ድስቱ ይጠብቅሃል» አለችው። ድምጿ እስከኔ ይሰማል። «አልሙኒየም ነው፣ አይዝግም። እኔ ነኝ እንጂ።»

ከድር ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀረ። እኔ ተነሳሁና እሳቱን ቀነስኩ፤ የሱ ድስት መገንፈል ጀምሮ ነበር።